የወለል ሒሳብ፦ በጉኑኖ ቀይ አፈር ላይ ጣውላ ወይስ ምንጣፍ?

ቤት የሚሠራ ሰው ገንዘቡ ተሟጥጦ የሚያልቀው ወለሉ ጋ ሲደርስ ነው። መሠረቱ ወጥቶ፣ ግድግዳው ቆሞ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ለብሶ፣ በርና መስኮቱ ከተገጠመ በኋላ ባለቤቱ እጁ ላይ የቀረችውን ጥቂት ብር ይዞ «ወለሉን ምን ላድርገው?» ይላል። በዚህ ሰዓት ምክር አይታጣም። አናጢው ጣውላ፣ ባለሱቁ ምንጣፍ፣ ግንበኛው ሴራሚክ፣ ደላላው ደግሞ ቶሎ ተከራይ የሚያመጣውን ሁሉ ይመክራል። እያንዳንዱ የሚናገረው ከራሱ ገበያ ተነሥቶ ነው። የባለቤቱን ሒሳብ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ለዚህ ሒሳብ ጉኑኖ ጥሩ ማስተማሪያ ናት። የዳሞት ሶሬ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ ከወላይታ ሶዶ በስተሰሜን ምዕራብ ትገኛለች። እንደ ማንኛውም የወረዳ ከተማ የኪራይ ቤት የሚፈልጉባት መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ናቸው። አንድ ነጋዴ እዚህ ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ሠርቶ ለማከራየት አሰበ እንበል። ሲሚንቶውን ለስልሶ በተጠናቀቀ ሊሾ ይተወው? ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ያንጥፍበት? ወይስ ወገቡን አስሮ የጠንካራ እንጨት ጣውላ ይምታበት? በሶዶም፣ በአረካም፣ በአዲስ አበባም ያለ ቤት ሠሪ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ጉኑኖ ላይ ግን መልሱን የሚወስነው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። እሱም አፈሩ ነው።

አፈሩ በጫማ ተሳፍሮ ሲገባ

የጉኑኖ ስም በአፈር ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ጣቢያ ካቆመባቸው ቦታዎች አንዷ ጉኑኖ ነበረች። ተመራማሪዎቹን ያሳሰባቸው ዝናብ ከማሳ ላይ አጥቦ የሚወስደው አፈር ነው። የቤት ባለቤትን ሊያሳስበው የሚገባው ደግሞ በተከራዩ ጫማ ተሳፍሮ መኝታ ቤት የሚገባው ነው።

የአካባቢው አፈር ጥልቅና ሸክላነት የሚበዛበት ቀይ አፈር ነው። ቅላቱ የመጣው በውስጡ ካለው የብረት ዝገት ስለሆነ፣ የምንጣፍ ክር ውስጥ ከገባና ከረጠበ ቀለም እንደ ነካው ጨርቅ ይሆናል፤ በውኃና በሳሙና ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ዝናቡም ቀላል አይደለም፤ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በልጉና ክረምቱ ተከታትለው ስለሚመጡ፣ ከመጋቢት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ እግር ከጭቃ ጨርሶ አይላቀቅም። በበጋ ደግሞ ጭቃው አቧራ ሆኖ ይመለሳል።

የአፈሩ ነገር ከምንጣፍ መበላሸትም ያልፋል። ወላይታ ውስጥ በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት መሄድ የሚያመጣው የእግር እብጠት፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት፣ የታወቀ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የዞኑ የኢኮኖሚ ጥናት በሽታው በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ኪሳራ እንደሚያደርስ፣ ሕመምተኛውም ከጠቅላላ የሥራ ቀናቱ 45 በመቶ የሚሆነውን እንደሚያጣ ገምቷል። መከላከያው ጫማ፣ እግርን መታጠብና አፈር የማይነካ ወለል ነው። እንግዲህ የአፈር ወለሉን በሲሚንቶ የሸፈነ አከራይ ቤቱን ማሳመሩ ብቻ አይደለም፤ የተከራዩ ልጆች በአፈር ላይ እንዳይድኹ አድርጓል። ከወለል ምርጫ በፊት የሚቀድመው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ወለሉ በውኃ ይታጠባል ወይስ አይታጠብም?

ምንጣፍ የሚያልቀው የት ላይ ነው?

ምንጣፍ ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። ተጠቅልሎ የሚነሣው፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የሚራገፈው ምንጣፍ የተከራዩ ዕቃ ነው፤ ሲለቅ ይዞት ይሄዳል። የደብረ ብርሃን አካባቢ የሱፍ ምንጣፍም ሆነ ከውጭ የሚመጣው እዚህ ውስጥ ይገባል። ባለቤቱን የሚያከስረው በማስቲሽ ወይም በምስማር ከወለሉ ጋር የተጣበቀው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚነጠፈው ነው። ይህኛው አይነሣም፣ አይራገፍም፤ የገባውን ሁሉ ይዞ ይቀራል።

የቡና ሥርዓቱን ብቻ መመልከት ይበቃል። ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ፈንዲሻ ይበተናል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ሲኒም አልፎ አልፎ ይደፋል። ሰው ሠራሽ ክር እሳት ሲነካው እንደ ሱፍ ከስሎ አይቀርም፤ ይቀልጣል። አንዲት ፍም ከማንደጃው ብትወድቅ የሽልንግ ስፋት ያለው ጥቁር ቀዳዳ ትታ ትሄዳለች። ተከራዩ ቀዳዳው ላይ ስኒ ረከቦቱን ያስቀምጥበታል፤ ባለቤቱ የሚያየው ቤቱ ሲለቀቅ ነው። (ቤት ሲረከቡ ረከቦት የተቀመጠበትን ቦታ ማንሣት መልካም ልማድ ነው።)

ሌላው ጠላት ከላይ ሳይሆን ከሥር ይመጣል። ከመሬት ጋር የተያያዘ የሲሚንቶ ወለል፣ ሲፈስስ ከሥሩ ላስቲክ ካልተነጠፈለት፣ የአፈሩን እርጥበት ወደ ላይ ይስባል። ባዶ ሊሾ ላይ ይህ እርጥበት ተንኖ ይሄዳል። ምንጣፍ ሲሸፍነው ግን መውጫ ያጣና ሽታና ሻጋታ ይሆናል። ክረምት ላይ ቤቱን ለማየት የመጣ ተከራይ በሩ ላይ አፍንጫውን ይዞ ሲመለስ፣ አከራዩ «ዋጋው በዝቶበት ነው» ብሎ ይተረጉመዋል።

ለምንጣፍ የሚመሰከርለት ነገር የለም ማለት አይደለም። ፎቅ ላይ ላለ ቤት ድምፅ ይውጣል፤ ከላይ የሚኖረው ቤተሰብ ዱላ እንደያዘ ሰው ሲራመድ ከታች ያለው ተከራይ የሚለቅበት አጋጣሚ አለና ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ለቅዝቃዜ አካባቢም ምቾት አለው። ሶዶ ከተማ ውስጥ ጫማ በር ላይ የሚወለቅበት፣ መንገዱ ንጣፍ የሆነ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ከጉኑኖ የግቢ ቤት ጋር በአንድ ሚዛን አይለካም።

እንጨቱስ?

«ጠንካራ እንጨት» የሚለው ቃል በየሱቁ እንደ ልብ ይነገራል። ለወለል የሚታወቁት የአገር ዛፎች ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ዋንዛና ጥቁር እንጨት ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ጽድ ምስጥን በመቋቋም የታወቀ ሲሆን፣ ዝግባ በአንጻሩ ምስጥ ቶሎ ይደፍረዋል። ይሁንና የአገሪቱ ደን በመመናመኑ የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሏል፤ ከዚያ ወዲህም አዋጅ ቁጥር 542/1999 እና አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ተከትለውታል። ስለዚህ አንድ ሰው የዝግባ ወይም የጽድ ጣውላ በርካሽ ሲቀርብለት በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ዋጋውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ያለ ፈቃድ የተጫነ ጣውላ በኬላ ከተያዘ፣ ቀብድ የከፈለው ሰው ቀብዱን ፈልጎ የሚያገኝበት መንገድ ጠባብ ነው።

በሕጋዊ መንገድና በቅርብ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ጭስና አጣና ብቻ ሆኖ የቀረ ይመስላል እንጂ፣ የበሰለ ባሕር ዛፍ ለወለል የሚሆን ጥንካሬ አለው። ችግሩ ጥድፊያ አይወድም። እርጥብ ተሰንጥቆ እርጥቡን ከተመታ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ በጣውላዎቹ መካከል ስሙኒ የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተቱ ውስጥ ቀዩ አፈር ይገባል፣ ከአፈሩ ጋር ቁንጫ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ «ጣውላ ወለል ለአገራችን አይሆንም» ብሎ ይናገራል። ያልሆነው ጣውላው ሳይሆን ውኃው ነው።

የእንጨትን ውኃ ለመለካት ነጋዴ የሚቸግረው ነገር የለም፤ ሚዛን አለው። ከሚገዛው ጣውላ መካከል (ከጫፉ ሳይሆን) ትንሽ ቁራጭ ይቆረጥና ይመዘናል። ከዚያም በዳቦ ምድጃ፣ ሳይከስል፣ ክብደቱ መቀነሱን እስከሚያቆም ይደርቃል። ልዩነቱ ለደረቁ ክብደት ሲካፈል የውኃው መጠን ይገኛል። ቁራጩ መጀመሪያ 560 ግራም ኖሮ ሲደርቅ 500 ግራም ቢሆን፣ 60 ግራም ለ500 ሲካፈል 12 በመቶ ይሆናል። ለቤት ውስጥ ወለል የሚፈለገው በዚሁ አካባቢ ያለ ነው። 700 ግራሙ 500 ቢሆን ግን 40 በመቶ ውኃ ነው፤ ገዢው በእንጨት ዋጋ ውኃ እየገዛ ነው ማለት ነው።

ሲሚንቶውም ይፈተናል። አንድ ካሬ ሜትር የሚሆን ጥርት ያለ ላስቲክ ወለሉ ላይ ተነጥፎ አራቱም ጠርዙ በፕላስተር ይታሸግና ከማታ እስከ በነጋታው ረፋድ ይተዋል። ጠዋት ከላስቲኩ ሥር ላብ ከታየ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ፣ ያ ወለል ገና ለጣውላም ለምንጣፍም አልደረሰም። በእንዲህ ዓይነት ቤት ፓርኬትን በቀጥታ በሙጫ ማጣበቅ ገንዘብን መበተን ነው። ጣውላውን ከሲሚንቶው በሞራሌ ከፍ አድርጎ፣ በሥሩ አየር እንዲያልፍ ቀዳዳ ትቶ፣ ከግድግዳው ጋር በዞኮሎ የሚሸፈን የጣት ስፋት ያህል ርቀት ማስቀረት ይሻላል። እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ መንቀሳቀሻ ካላገኘ መሐሉ ላይ ይነሣል።

በገበያ ላሚኔት የሚባለው ደግሞ እንጨት መሳይ እንጂ ጣውላ አይደለም። ተጨምቆ ከተሠራ ሰሌዳ ላይ የእንጨት ሥዕል የተለጠፈበት ነውና፣ ውኃ ከገባው ያብጣል፤ ተፍቆም አይታደስም። ጣውላ ግን ሲያረጅ ተፍቆ፣ እንደገና ቫርኒሽ ተቀብቶ ይታደሳል። ከዚህ በታች ያለውን ሒሳብ የሚቀይረውም ይህ ችሎታው ነው።

ሦስት ዓመት ላይ ያለው መስመር

አሁን ቁጥር ይቀመጥ። የሚከተሉት አኀዞች ለትምህርት የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ አንባቢ የሰፈሩን ዋጋ ተክቶ መሥራት ይችላል። ክፍሉ 20 ካሬ ሜትር ነው። ምንጣፍ ተነጥፎ በካሬ 1,000 ብር፣ ጣውላ ተመትቶ 3,000 ብር እንበል። ምንጣፉ 20,000 ብር፣ ጣውላው 60,000 ብር ይወስዳል ማለት ነው። ጣውላው በ7ኛውና በ14ኛው ዓመት ለመፋቂያና ለቫርኒሽ 8,000፣ 8,000 ብር ይጠይቃል። ጊዜው 20 ዓመት ነው።

ምንጣፉ በየ4 ዓመቱ ቢቀየር በ20 ዓመት 5 ጊዜ ይገዛል፤ 100,000 ብር ይሆናል። ጣውላው ከነማደሻው 76,000 ብር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ጣውላ ይሻላል» ይላል። ነጋዴ ግን እዚህ አያቆምም፤ ምክንያቱም መጀመሪያ የተረፈችው 40,000 ብር ሱቅ ውስጥ ገብታ ትሠራለች። ገንዘቡ ከዋጋ ንረት በላይ በዓመት 10 በመቶ የሚያተርፍለት ነጋዴ ቢሆን፣ ወጪዎቹ በዚሁ ስሌት ወደ ወርኃዊ ሲመለሱ ጣውላው በወር 650 ብር ገደማ፣ አራት ዓመት የሚቆየው ምንጣፍ ደግሞ 525 ብር ገደማ ያስወጣዋል። ምንጣፉ ረከሰ!

ግን ያ ምንጣፍ አራት ዓመት ይቆያል ያለው ማን ነው? ቀዩ አፈርና ፍሙ ተባብረው ሦስት ዓመት ላይ ቢጨርሱት ወጪው በወር 670 ብር ገደማ ይሆናል፤ ከጣውላው ጋር ትከሻ ለትከሻ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ብቻ ከቆየ ደግሞ 960 ብር ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ በእነዚህ ዋጋዎች መስመሩ ያለው ሦስት ዓመት ላይ ነው። ምርጫውን የሚወስነው የካሬው ዋጋ ሳይሆን ምንጣፉ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ይህንንም ባለሱቁ አያውቅም፣ አፈሩና ተከራዩ ናቸው የሚያውቁት።

ገንዘቡን ለንግድ ሳይሆን ለባንክ ለሚሰጥ ሰው ግን ሒሳቡ ወደ ጣውላ ያጋድላል። የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው መጠን 7 በመቶ ሆኖ ሳለ፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ 30 በመቶ አካባቢ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ባንክ የተቀመጠው 40,000 ብር ነገ የሚገዛው ምንጣፍ ዛሬ ከሚገዛው ያነሰ ነው። ከዚህ ላይ ምንጣፉ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲተው እንደታየው፣ ቀጣዩ ግዢ በምን ዋጋ እንደሚሆን ገዢው አይቆጣጠረውም። ጣውላ የገዛ ሰው የ20 ዓመቱን ወለል በአንድ ቀን ዋጋ ገዝቷል።

በአሜሪካ የግብር ሕግ ውስጥም ተመሳሳይ አስተሳሰብ አለ። አከራይ የቤቱን ዕቃ እርጅና ከግብር ሲቀንስ፣ የኪራይ ቤት ምንጣፍ በ5 ዓመት እንደሚያልቅ ይቆጠራል፤ ሕንፃውና ከሕንፃው ጋር የተዋሐደው ወለል ግን በ27 ዓመት ተኩል ነው። ይህ ግምት የተሰጠው ቀይ ጭቃም ማንደጃም ለሌለበት አገር መሆኑን ማስተዋል ነው።

የማን ኪሳራ?

እስካሁን ያለው ስሌት ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት ነው። ለኪራይ ሲሆን ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፦ ወለሉ ኪራዩን ከፍ ያደርጋል ወይ? በምሳሌው መሠረት ጣውላው ወጪውን የሚመልሰው ተከራዩ በወር 650 ብር ጨምሮ ለመክፈል ፈቃደኛ ሲሆን ነው። ሶዶ በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የተከፈተባት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። ለቤቱ መልክ የሚከፍል ተከራይ እዚያ ሊገኝ ይችላል። ጉኑኖ ላይ ያለ ጀማሪ መምህር ግን የሚመርጠው ለትምህርት ቤቱ የሚቀርበውን፣ ውኃና መብራት ያለውን ክፍል ነው። ለጣውላው ተጨማሪ 650 ብር ጠይቆ ሁለት ወር ባዶ የሚያስቀምጥ አከራይ ያተረፈው ነገር የለም።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም እዚህ ላይ ይገባል። አዋጁ በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች የሚሠራ ሲሆን፣ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ መንግሥት በሚያወጣው መጠን ነው። አዲስ የተሠራና ተከራይቶ የማያውቅ ቤት የመጀመሪያ ዋጋ ግን በባለቤቱ ይወሰናል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ኪራይን ከፍ የሚያደርግ ወለል የሚሠራ ሰው ከመጀመሪያው ተከራይ በፊት ይሥራው። «አሁን ይከራይ፣ ወለሉን በኋላ አሳምሬ እጨምራለሁ» የሚለው የድሮ ዘዴ አዋጁ በሚሠራበት ከተማ በር ተዘግቶበታል።

ውሉ ሁለት ዓመት ነው፤ መጥፎ ምንጣፍም የሚያልቀው በሁለት ዓመት ነው። ተከራዩ ሲወጣ የምንጣፉን ዋጋ የሚያስቀር በቂ መያዣ በባለቤቱ እጅ አይኖርም። ደላላው ግን ምንጣፍ ይወዳል፤ አዲስ የተነጠፈ ቀይ ምንጣፍ በመጀመሪያው ቀን ቤቱን ያስወድዳል፣ ኮሚሽኑም በዚያው ቀን ይከፈላል። የሁለተኛውን ዓመት ምንጣፍ የሚያየው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጉኑኖ ላይ ለማከራየት የሚሠራው ነጋዴ ሊሾውን በደንብ ያስለስል፣ ሲፈስስ ከሥሩ ላስቲክ ያንጥፍ፣ በር ላይ ጭቃ የሚያራግፍ የድንጋይ ደረጃና የእግር መታጠቢያ ቦታ ያብጅ። የፕላስቲክም ሆነ የክር ምንጣፉን ተከራዩ እንደ ኪሱና እንደ ምርጫው ራሱ ያምጣ፣ ሲሄድም ይዞት ይሂድ። ለራሱ መኖሪያ የሚሠራ ሰው ደግሞ ገንዘቡ ለቤቱ ሁሉ ካልበቃ ከመኝታ ቤት ይጀምር፤ ጭቃው እዚያ እስከሚደርስ ሳሎኑ ላይ ግማሹን ጥሎ ይገባል። ሳሎኑ በሊሾ ቆይቶ፣ ለጊፋታ እንግዳ ሲመጣ የሚነሣ ምንጣፍ ቢጣልበት የሚነቅፍ የለም።

ጣውላ ለመምታት የወሰነ ሰው የግዢ ወሩን ይምረጥ። በኅዳር ተገዝቶ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየመደዳው መካከል ቀጫጭን ርብራብ ገብቶለት በጥላ የተከመረ ጣውላ በጋውን ሙሉ አየር ያገኛል። ከመጋቢቱ ዝናብ በፊት አንድ ቁራጭ ይመዘን፤ 12 በመቶ አካባቢ ከሆነ አናጢው ይጠራ። ካልሆነ ቀጣዩን በጋ መጠበቅ ነው።